አንድ ኮት ለአምስት ሰው፦ ጥቂትና ተስማሚ ልብስ ስለ መያዝ



የዛሬው ርእሴ ጥቂት፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ልብሶችን መርጦ ስለ መያዝ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ ባልደረባዬ፣ «ይህ የፋሽን እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሴን ከራሴ ስሕተት እጀምራለሁ።

ከዓመታት በፊት በማስተምርበት ተቋም የመመረቂያ ሥራ ሲቀርብ ከመቶው ነጥብ 5ቱ የሚሰጠው ለአለባበስ ነበር። እኔም ከገምጋሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። አንድ ቀን ጠዋት ተማሪዎቹ በየተራ ሲገቡ ሁሉም ጥቁር ኮት ለብሰው ስላየሁ ደስ ብሎኝ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። አራተኛው ተማሪ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ በግራ እጅጌው ካሉት ቁልፎች አንዱ በቡናማ ክር እንደ ተተከለ አየሁ። ያንኑ ቡናማ ክር ከእርሱ በፊት በገባው ተማሪ እጅጌ ላይም አይቼው ነበር። አምስተኛውን ስንጠራ ከበሩ ውጭ መንሾካሾክና የልብስ መንኳኳት ተሰማ፤ ከዚያም ቡናማው ክር ለሌላ ጊዜ ገባ። ኮቱ አንድ ነበር። ለአንዱ ትከሻው ይሰፋል፣ ለሌላው እጅጌው ያጥራል። እኔ ግን ስለ ጨርቅ አስተምራለሁ እያልሁ አምስቱም እስኪያልቁ ድረስ ልብ አላልሁትም። ያን ቀን የለካሁት የተማሪዎቹን ዝግጅት ሳይሆን ኮት የማግኘት ዕድላቸውን ነበር።

ከዚህ ገጠመኝ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ሙያዊ ነው፤ ስንት ልብስ፣ የትኛውስ ልብስ ለአንድ ሰው ይበቃል? ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ «የሚገባ ልብስ» የሚለውን የሚወስነው ማን ነው?

በውጭው ዓለም «ካፕሱል ዋርድሮብ» የሚባለው ሐሳብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በለንደን የልብስ መደብር በነበራት በሱዚ ፎ ስም ይታወቃል። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊቷ ዲዛይነር ዶና ካረን እርስ በርሳቸው የሚቀናጁ ሰባት ልብሶችን መሠረት ያደረገ ሥራዋን ለገበያ አቀረበች። ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነጠላችንን ተመልከቱ። ሁለት ንብር የሆነ ስስ የጥጥ ልብስ ነው፤ ዳሩ ግን አንዱ ነጠላ ለበዓል፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ ያገለግላል። የሚለወጠው ልብሱ ሳይሆን አጣጣሉ ነው፤ ጥለቱ በየት በኩል እንደ ዋለ ያየ ሰው ለባሹ ወደ ሰርግ ወይም ወደ ኀዘን እንደሚሄድ ያውቃል። አራት ንብር የሆነው ጋቢ ደግሞ ቀን መደረቢያ፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ነው። ሸማኔዎቻችን አንድ ልብስ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ማድረግን ያውቁበት ነበር።

አሁን ወደ መልክዓ ምድራችን እንምጣ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይኖራል ማለት ነው። ጠዋት ከጦሳ ሥር በጉም ውስጥ ተነሥቶ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ የሚውል ሰው በአንድ ቀን ሁለት የአየር ጠባይ ይለብሳል። ለዚህ ሰው አንድ ወፍራም ካፖርት አይጠቅመውም፤ ቀትር ላይ ሸክም ይሆንበታል። የሚጠቅመው በስስ በስሱ የሚደራረብ ልብስ ነው። በሁለት ስስ ልብሶች መካከል የሚያዘው አየር ራሱ ሙቀት ይጠብቃልና።

ስሌቱ ቀላል ነው። አራት ከላይ የሚለበሱ፣ ማለትም ሸሚዝ ወይም ካናቴራ፤ ሦስት ከታች የሚለበሱ፣ ማለትም ሱሪ ወይም ጉርድ ቀሚስ፤ ሁለት መደረቢያ፣ ማለትም አንድ ሹራብና አንድ ጃኬት እንያዝ። ሁሉም ከሁሉም ጋር የሚስማሙ ከሆነ ከላይና ከታቹ 12 ጥምር ይገኛል። እያንዳንዱ ጥምር ያለ መደረቢያ፣ በሹራብ ወይም በጃኬት ሊለበስ ስለሚችል፣ ዘጠኙ ልብስ 36 ዓይነት አለባበስ ይሰጣል። አሥረኛው ጋቢ ወይም ነጠላ ይሁን። ነገር ግን ከሦስቱ ሱሪዎች አንዱ ከአንድ ሸሚዝ ጋር ብቻ የሚሄድ ቢሆን 36ቱ ወደ 27 ይወርዳል። የልብሱ ቁጥር ሳይቀንስ ከአለባበሱ ሩብ ያህሉ ጠፋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ብዛት ያላበረ እንደ ሆነ አያስርም። ስለዚህ ከታች ለሚለበሰው ጥቁር ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ቡናማ መምረጥ፣ ደማቁን ቀለም ለሸሚዝ፣ ለሻሽ ወይም ለሂጃብ መተው ይበጃል። ሻሽና ሂጃብ በትንሽ ወጪ የአለባበስን መልክ ይለውጣሉ።

ስለ ጨርቁም ጥቂት ልናገር። በ65 በመቶ የአየር እርጥበት ጥጥ ከደረቅ ክብደቱ 8.5 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። ጥጥ በኮምቦልቻ ቀትር ላብ ስለሚመጥ ምቹ የሚሆነው በዚህ ነው፤ በደሴ ክረምት የታጠበ ወፍራም የጥጥ ሱሪ ሳይደርቅ የሚሰነብተውም በዚሁ ነው። ለገላ ቅርብ የሆነው ጥጥ፣ ለክረምት የሚያዘው ሱሪ ቅይጥ ቢሆን ሁለቱንም ችግር ያቃልላል። ስትገዙ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ የልብሱን የውስጥ ጠርዝ እሹት፤ ቀለሙ ከለቀቀ ሌሎቹን ልብሶቻችሁን ያበላሻል። ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጉ፤ ክሩ ከተከፈተ አይቆይም። ጨርቅ ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ እጠቡት፤ መሸማቀቁን በጨርቅነቱ ይጨርሳል። ዋጋን ደግሞ ለተለበሰበት ቀን አካፍሉ። በ1,200 ብር ተገዝቶ 120 ቀን የተለበሰ ሱሪ በቀን 10 ብር ነው፤ በ400 ብር ተገዝቶ 20 ቀን ብቻ የተለበሰው 20 ብር ነው። ርካሹ ውድ ሆነ ማለት ነው።

እስከዚህ ያልሁት ሁሉ ግን ሊመርጥ ለሚችል ሰው ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባኛል። በ2013 ክረምትና በ2014 መባቻ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር፤ ብዙዎቹ የነበራቸው ልብስ የለበሱት ብቻ ነው። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኔም አንድ ቦርሳ ይዤ ወጣሁ። ቦርሳውን ስሞላ ለስብሰባ የምለብሰውን ሱፍ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት፤ ጋቢውን ያዝሁ። በመንገድ ላይ ምንጣፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሌሊትም የማላውቀው ሕፃን መጠቅለያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ልብስ መያዝን እንደ ጥበብ ሳወድስ ይህን አስታውሳለሁ፤ መርጦ ማሳነስና አጥቶ ማነስ አንድ አይደሉም። ለአጣ ሰው ስለ ማሳነስ መስበክ ነውር ነው።

ይህች ከተማ ደግሞ ልብስ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀበት ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ወዲህም ለባሕር ማዶ ገበያ ልብስ ተሰፍቶበታል። በ2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ የመላው አገሪቱ የልብስ ስፌት ዘርፍ ተጎድቷል። ለሩቅ ገበያ ልብስ በሚሰፋበት ከተማ አምስት ተማሪዎች አንድ ኮት መጋራታቸው ለእኛ ለጨርቃ ጨርቅ ሰዎች የቤት ሥራ ነው። ከዚሁ አካባቢ ጨርቅ፣ በአካባቢው ልብስ ሰፊዎች እጅ፣ በአንድ የቀለም መደብ የተዘጋጀ የተማሪ ልብስ ለመንደፍ የሚያስችል ዕውቀት በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። የመመረቂያ ሥራ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች፣ እነሆ ርእስ።

ለመምህራን ባልደረቦቼ ያለኝ ጥያቄ ከዚህ ያነሰ ነው። እኔ ያን ጊዜ ለአምስቱም ተማሪዎች የሰጠሁትን ነጥብ አልቀየርሁም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ግን መስፈርቱ እንዲሰረዝ ጠየቅሁ፣ ተሰረዘም። በየትምህርት ክፍላችሁ የግምገማ ቅጽ ላይ ተመሳሳይ መስመር ካለ እባካችሁ መልሳችሁ እዩት። ንጽሕናን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ንጽሕና ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። ኮትን መጠየቅ ግን ገንዘብን መጠየቅ ነው። ኮት የግድ ያስፈልጋል የሚል ክፍል ካለም በተለያየ ልክ ጥቂት ኮቶች ገዝቶ ከአዳራሹ በር አጠገብ ይስቀል። ተማሪዎቹ በአንድ ኮት የጀመሩትን እኛ በአግባቡ ብንቀጥለው ምን ይከብደናል?

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።