እረኛውና አንበሳው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው እሑድ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋራ ወደ እንጦጦ ራጉኤል ወጥቼ ነበር። በባሕር ዛፉ መካከል አንድ ልጅ በጎች ሲነዳ አየሁና የራሴ ልጅነት ታወሰኝ። እኔም ፊደል ከመቍጠሬ በፊት እረኛ ነበርሁ። በአገራችን እረኛ የሚሆነው ከቤተ ሰቡ ታናሹ ነው። ሆኖም ማታ መንጋው በረት ሲገባ ይቈጠራል፤ አንዲት ጠቦት ብትጎድል «የት አለች?» ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ይህ ጥያቄ እስከ ነገሥታት እንዴት እንደ ደረሰ ነው።

በጥንቱ ምሥራቅ ንጉሥ ራሱን እረኛ ብሎ መጥራቱ የተለመደ ነበር። የባቢሎኑ ሐሙራቢ በሕጉ መግቢያ ላይ እንዲህ ብሎ ራሱን አክብሯል። ነቢዩ ሕዝቅኤል ግን በዚያው በባቢሎን በምርኮ ሳለ የክብሩን ስም መክሰሻ አደረገው። በምዕራፍ 34 መንጋውን ትተው ራሳቸውን የቀለቡትን እረኞች ይወቅሳል፤ እግዚአብሔር በጎቹን ከእጃቸው እንደሚፈልግና በዳዊት ስም አንድ እረኛ እንደሚያስነሣ ይናገራል። ዳዊትም ከበግ ጥበቃ ተጠርቶ የነገሠ ነው። ከዚህ የተነሣ አይሁድ የጠበቁት መሲሕ ንጉሥም እረኛም ሆነ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ክርስቶስ ስሙን ለራሱ ሲወስድ፣ መልካም እረኛ ነፍሱን ስለ በጎቹ ይሰጣል የሚለውን ጨመረበት።

ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ነገሩን ያጠብቀዋል። እስራኤል በበጎች በተመሰሉበት ራእይ መንጋው ለሰባ እረኞች ይሰጣል፤ ከታዘዙት በላይ ያጠፉትን ሁሉ የሚመዘግብ ጸሐፊም ይቆምባቸዋል። በመጨረሻ መዝገቡ ተነቦ ይፈረድባቸዋል። ብዙ ሊቃውንት እነዚህ እረኞች መላእክት ናቸው ይላሉ። እንግዲህ መልአክም ቢሆን ይቈጠርበታል ማለት ነው። ራጉኤልም በዚሁ መጽሐፍ ስማቸው ከተጠራው ቅዱሳን መላእክት አንዱ ነው።

በቤተ መንግሥታችን ግን የገነነው አንበሳው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከራጉኤል አጠገብ ባለችው በእንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ. ም. ዘውድ ጫኑ፤ ማኅተማቸውም የይሁዳን አንበሳ ድል አድራጊነት የሚናገር ነበር። የ1948 ዓ. ም. ሕገ መንግሥትም ክብረ ነገሥትን ተከትሎ የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ቈጠረ። አንበሳ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው፤ እረኛ የሚጠየቀው «በጎቹ የት አሉ?» ተብሎ ነው። በ1965 ዓ. ም. ረኃብ በወሎ ሲጸና ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ የዘር ቈጠራው መልስ ሊሆነው አልቻለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የተኩትም ሰዎች በ1977ቱ ረኃብ ያው ጥያቄ ጠበቃቸው።

የእረኛው ስም ግን ከአገራችን ጠፍቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ከልደት በፊት ያለውን የመጨረሻ ሳምንት «ኖላዊ» ትለዋለች፤ ይኸውም እረኛ ማለት ነው። የጥንት መኳንንትም የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የተወ ሹም መንጋውን መቍጠር የተወ ነው።

በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 5 የይሁዳ ነገድ አንበሳ ድል መንሣቱ ይነገራል፤ ዮሐንስ ሲመለከት ግን ያየው በግ ነው። በምዕራፍ 7 ያው በግ እረኛ ይሆናል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገ ሰው በእጃችን ይሰጠናል፤ አንዳንዳችን ተማሪ፣ አንዳንዳችን በሽተኛ፣ አንዳንዳችን ባለ ጉዳይ። ያን ጊዜ እንደ አንበሳው ዘር ዲግሪያችንን ብቻ እንዳናሳይ እፈራለሁ። ማታ ሲሆን የሚቈጠሩት በጎቹ ናቸውና።