አሮጌ መኪናና የበዓል ገበያ

(በማኅበራችን የነሐሴ ወር ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። እንደምታውቁት በሰፈራችን በየግቢውና በየአጥሩ ሥር ከሥራ ውጪ ሆነው የቆሙ መኪናዎች አሉ። አንዳንዱ ቮልስዋገን ነው፣ አንዳንዱ ፊያት፣ አንዳንዱም ላዳ። ጎማቸው መሬት ውስጥ ገብቷል፤ ዶሮ እንቁላል ይጥልባቸዋል፣ ድመት ይወልድባቸዋል። ባለቤቱም «ዘንድሮስ እናሠራዋለን» እያለ ዓመት በዓመት ላይ ይተካል።

ታዲያ ነሐሴ ጋመስ ሲል ቁራሌው በየበሩ መጮኽ ይጀምራል፤ ደላላውም ከኋላው ይከተላል። ለምን በዚህ ወር? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዕንቁጣጣሽ ደረሰ፣ መስቀልም ተከትሎ ይመጣል፤ በግ፣ ዶሮና ቅቤ ይገዛል። ይህ ሳያንስ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ገዢው ይህን አሳምሮ ያውቃል። በዓሉ የሚያስቸኩለው ሻጩን እንጂ ገዢውን አይደለም። ስለዚህም በጳጉሜ ዋዜማ የአንድ መኪና ዋጋ ወርዶ ወርዶ የአንድ በግ ዋጋ ላይ ሲደርስ እናያለን።

እኛ «አትሽጡ» አንልም። የማይሠራ መኪና ግቢ ከማጣበብ ቢሸጥ ይሻላል። የምንለው ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ሦስት ነገሮችን አይተን እንሽጥ ነው።

አንደኛው ዋጋ ነው። «ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው» ብሎ በግምት ለሚጠራ ገዢ መኪና አይሰጥም። ያልተፈታ ቮልስዋገን ወደ 800 ኪሎ፣ ትንሿ ፊያት 600 ደግሞ እንደ ስሟ ወደ 600 ኪሎ ትመዝናለች። ይህን ያወቀ ሻጭ «ከአራት መቶ ኪሎ አያልፍም» ሲሉት አይደነግጥም። ሽያጩ በኪሎ ከሆነ በሚዛን ይሁን፤ የሚጭነው መኪና ባዶውን ይመዘን፣ ጭኖም ይመዘን፣ ባለቤቱም ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ይይ።

ከሚዛኑ በፊት ግን መካኒክ ጠርታችሁ አሳዩት። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ጠግኖ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ እሱም ዕቃ ይፈልጋል። ካምቢዮው፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ ራዲያተሩ፣ ቸርኬው፣ ስፖርቴሎውና መብራቱ ደህና ከሆነ ሶማሌ ተራ ለብቻው ይጠየቃል። ዕቃው በዕቃነቱ ከተሸጠ በኋላ የቀረው አካል ለውዳቂ ብረት ቢሄድ ያምርበታል። መዳብና አልሙኒየምም ከተራ ብረት ጋር በአንድ ዋጋ አይመዘኑም፤ ለየብቻ ይጠየቁ።

ሁለተኛው ወረቀት ነው። ይህን አደራ በጥሞና ስሙን። መኪናው ሲሞት ሊብሬውና ታርጋው አብረው አይሞቱም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ላይ፣ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ የሚነዳው ሰው ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን። እንግዲህ «ለቁራሌው ሰጥቼዋለሁ» ያልነው መኪና ተጠግኖ፣ ወይም ታርጋው ሌላ መኪና ላይ ተለጥፎ መንገድ ቢወጣና ሰው ቢገጭ፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው በር በመዝገብ ላይ ስሙ ያለው ሰው በር ነው። ስለዚህ ታርጋና ሊብሬ ለቁራሌ አይሰጥም። መኪናው ለመንዳት የሚሸጥ ከሆነ ውሉ በውልና ማስረጃ ይረጋገጥ፣ ስሙም ይዛወር። ለብረትነት የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ታርጋውንና ሊብሬውን ይዞ በተለምዶ መንገድ ትራንስፖርት የምንለው መዝጋቢ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ከመዝገብ እንዲሰረዝ መጠየቅ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የገዢውን ስምና መታወቂያ፣ ቀኑንም ጽፎ ማስፈረም አይረሳ።

ባልና ሚስትም ተመካከሩ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይላል። ዛሬ 500 ብር የማያወጣ መኪና የለም። የሟች አባት መኪና ከሆነም ከልጆች አንዱ ብድግ ብሎ ሊሸጠው አይችልም፤ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በክረምቱ ደግሞ ፍርድ ቤት በከፊል ዕረፍት ላይ ነውና ይህ ጉዳይ በበዓል ሳምንት አያልቅም። በአንድ በግ ምክንያት ወንድማማች ሲኳረፍ ማየት አንፈልግም።

ሦስተኛው አደጋ ነው። መኪና እሰፈር ውስጥ በኦክስጂን አይቆረጥ። ባዶ የመሰለ የቤንዚን ታንከር በውስጡ የቀረው ጋዝ እሳት ሲነካው ይፈነዳል። የአሮጌው ቮልስዋገን ሞተር አካል ደግሞ ማግኒዚየም የሚባል ቀላል ብረት አለበት፤ እሱ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ቢደፉበት ይብሳል እንጂ አይጠፋም። የባትሪው አሲድ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ውስጡ ያለው እርሳስ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ባትሪ ሳይፈታና ሳይደፋ እንዳለ ይሸጥ። የተቃጠለ ዘይትም በጀሪካን ይጠራቀም፤ ቦይ ውስጥ አይፍሰስ። መኪናው እስኪነሣ ድረስ በሩና የኋላ ሣጥኑ ይቆለፍ፤ ልጆች ሹፌር ሹፌር እየተጫወቱ ገብተው መውጫ እንዳያጡ።

እንግዲህ ማኅበሩ የሚከተለውን አስቧል። የቆመ መኪና ያለው ሁሉ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ በጽሕፈት ቤታችን ይመዝገብ። ከመስቀል በኋላ፣ የበዓሉ ጥድፊያ ሲበርድ፣ መካኒክ በጋራ ጠርተን እናሳያለን፤ ለብረት የሚሄዱትን በጋራ በተከራየነው መኪና ወደ ሚዛን እናደርሳለን። አንድ ሰው ብቻውን ሲከራከርና አሥር ሰው አንድ ላይ ሲከራከር ዋጋው እኩል አይሆንም። ወረቀት መሙላት ለሚቸግራቸው አረጋውያንም በጽሕፈት ቤቱ እናግዛለን።

ለበዓሉ ገንዘብ ያጠረው ሰው መኪናውን በዋዜማው ከሚጥል፣ ለዕቁቡ ዳኛ ወይም ለእኛ በጊዜ ቢነግረን ይሻላል። መኪናው ብዙ ዓመት ቆሟል፤ አንድ ወር ቢጨምር አይጎዳም። በጉም አነስ ቢል ጎረቤት ይጠራራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዓመቱም ይገባል።

መልካም አዲስ ዓመት ለሁላችሁም እንመኛለን። 

የማኅበሩ ጸሐፊ