በኪራይ ቤት የሚኖረው ጎረቤታችንና ዕድራችን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



  እኛ ብዙ የተማርን ሰዎች አይደለንም። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ነው። ስለዚህ ንግግራችን ቢንዛዛም ሆነ ቢያጥር እንደ ሽማግሌ ቃል ተቀበሉልን።

የምንነጋገርበት ጉዳይ አንድ ነው። ይኸውም በሠፈራችን በኪራይ የሚኖረው ሰው የዕድራችን አባል ይሁን ወይስ አይሁን የሚለው ነው። መተዳደሪያ ደንባችን አባል መሆን የሚችለው የግል ቤት ወይም የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ነው ይላል። ይህ ደንብ ሲወጣ ጸሐፊ ሆነን በእጃችን የጻፍነው እኛው ነን። ዛሬ ይለወጥልን ብለን የምንለምነውም እኛው ነን።

ደንቡ በተጻፈበት ጊዜ ሠፈራችን እንዲህ አልነበረም። ግቢው ሰፊ፣ ከጓሮው እንሰት የማይጠፋ፣ በአንድ አጥር ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ነበር። ዛሬስ? በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ሶዶ 76 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከተማችን የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው መጣ። መጥቶስ የት ይግባ? እንሰቱ ተነቀለና በቦታው ሰርቪስ ቤት ተሠራ። አቅም ያለው ፎቅ አቁሞ ክፍል በክፍል አከራየ። ከኛ ቤት ማዶ ያለውን ግቢ ብቻ ብትመለከቱ፣ ከፊት የባለቤቱ ቤት አለ፤ ከኋላው ስድስት በሮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ በር ውስጥ አንድ ኑሮ አለ። ስድስቱም በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ ሽንት ቤት ይጠቀማሉ።

የዚህን ኑሮ ችግር ያልቀመሰ አያውቀውም። ሁለት ሴቶች በአንድ ጊዜ ምጣድ ከሰኩ መብራቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንጀራ የሚጋገረው በተራ ነው። ውሃ በመጣ ሌሊት ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ የሚያድረው ስንቱ ነው! የመብራት ሒሳብ ሲመጣ በሰው ይካፈል ወይስ በክፍል በሚለው ጭቅጭቅ ይነሳል። አከራዩ እንግዳ አታሳድሩ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አይከፈትም ይላል። አከራዩም የራሱ ብሶት አለው። የሽንት ቤት ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላበታል፣ ግብር ይከፍላል፣ ኪራይ ሳይከፍል ጨለማን ተገን አድርጎ የሚወጣም ያጋጥመዋል። ይሁንና በዚሁ ጥበት ውስጥ መልካም ነገርም አይተናል። አንዷ ገበያ ስትሄድ የሌላዋን ልጅ አዝላ ትሄዳለች። አራስ ስትኖር ገንፎ የሚገባላት ከአምስቱም በር ነው። በጊፋታ ጊዜ ግን ግቢው ጭር ይላል፤ ተከራዩ ሁሉ ወደየወላጆቹ ስለሚሄድ ከተቆለፈ በር በቀር አይታይም። እኛም ይህን እያየን፣ «እነዚህ እኮ አገራቸው ሌላ ነው፤ ዕድራቸውም እዚያው ይሆናል» ስንል ኖርን።

አሁን የምንነግራችሁን ስንናገር እናፍራለን። ባለፈው ዓመት ከጊፋታ ወዲህ፣ በዚያው ግቢ አንድ ወጣት አናጢ ከሚስቱና ጡት ካልጣለ ልጁ ጋር በአንድ ክፍል ይኖር ነበር። ጥቂት ቀን ታሞ ሌሊት ሞተ። የዕድር ሰው አልነበረምና ጥሩምባ አልተነፋም። አከራዩ ግቢው በብሎኬት ተይዟል፣ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የለም አለ። ሚስቲቱ ሕፃናት እንዳይደነግጡ፣ ሰውም እንዳይረበሽ ብላ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ሳይነጋ አስከሬኑ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ትውልድ ቀበሌው ሄደ። ተከትለው የሄዱት የግቢው ተከራዮች ብቻ ነበሩ።

እኛ የሰማነው በሦስተኛው ቀን፣ ዳቦ ልንገዛ ሱቅ ስንሄድ ከባለ ሱቁ ልጅ ነው። በቤታችንና በዚያ ግቢ መካከል ያለው አንድ ቀጭን መንገድ ነው። የዕድራችን ድንኳን ከዚያ በር ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ በዕቃ ቤታችን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ብረት ድስቱ ተደፍቷል። ሟቹ ደግሞ ከአንድ ወር በፊት የቤታችንን በር የጠገነልን ልጅ ነው። ዋጋ ስንጠይቀው የማጠፊያውን ብቻ ተቀብሎ፣ «ጋሼ፣ ጎረቤት አይደለን?» ብሎን ሄደ። እርሱ ጎረቤት አለን፤ እኛ ግን ተከራይ አልነው።

ወገኖቻችን! «ደንቡ ስለያዘን ነው» ልንል እንችላለን። ነገር ግን ደንቡን በሚገባ እንመርምረው። «የቀበሌ ቤት ያለው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተላለፉ፤ ኪራዩም ተቀነሰ። ሰው በቀበሌ ቤት ሲኖር ለቀበሌው ኪራይ ይከፍላል። እንግዲህ እርሱም ተከራይ ነው! እኛ ራሳችን ልጆቻችንን ያሳደግነው በቀበሌ ቤት ነው። በየወሩ ኪራይ እየከፈልንና ደረሰኝ እየተቀበልን፣ በዚሁ ዕድር ጸሐፊ ሆነናል። አከራያችን ቀበሌ ስለሆነ ጎረቤት ተባልን፤ አከራዩ ግለሰብ የሆነበት ለምን እንግዳ ይባላል?

ዕድር ራሱ ከየት መጣ? በከተማ ዕድርን ያቋቋሙት ከየአገር ቤቱ ወጥተው፣ ዘመድ በሌለበት ቦታ ኑሮ የጀመሩ ሰዎች ናቸው። «ብንሞት ማን ይቀብረናል?» ብለው ተሰበሰቡ። ርስት ያለው ሰውማ በአገሩ ወገኑ ይቀብረዋል። ስለዚህ ዕድር በእንግዶች የተሠራ ቤት ነው፤ በር ላይ ቆመን እንግዳ አይግባ ማለት አይገባንም።

ልጃችንን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሄደን ሳለ በኮንዶሚኒየም ሰንብተን ነበር። በዚያች ከተማ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሺህ ቤቶች በፎቅ ተሠርተው በዕጣ ታድለዋል። ዕጣ የወጣለት ብዙ ሰው ቤቱን አከራይቶ ሌላ ቦታ ይኖራል። እኛ በነበርንበት ሰሞን በአራተኛው ፎቅ አንዲት እናት አረፉ፤ ተከራይ ነበሩ። ድንኳኑ በመኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፤ ወጡም ለጋራ መጠቀሚያ በተሠራው ቤት ተሠራ። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ሳጥኑ በየመታጠፊያው ወደ ላይ እየተነሳ ከእጅ ወደ እጅ ወረደ። ተሸካሚዎቹን ማን ባለቤት፣ ማን ተከራይ እንደሆነ ስንጠይቅ የመለሰልን የለም። «የብሎካችን ሰዎች ናቸው» ብቻ አሉን።

እርግጥ አንዳንድ አባላት ሥጋት አላቸው። ሥጋታቸውም ከንቱ አይደለም። ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ መዋጮ ሳይከፍል ቢጠፋስ ይላሉ። መዝገቡን የያዝነው እኛ ነንና እንመስክር፦ ውዝፍ ካለባቸው መካከል ባለ ፎቅም አለ። መዋጮ የሚያስከፍለው የቤት ካርታ ሳይሆን ሕሊና ነው። ደግሞም ተከራይ የሚፈልሰው ወድዶ አይደለም፤ ኪራይ ሲጨመርበት ነው። ይህም መላ እየተፈለገለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልሎች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። አከራይ የሆናችሁ አባላት ግን አዋጅ እስኪያስገድዳችሁ ለምን ትጠብቃላችሁ? የሁለት ዓመት ውል ለናንተም ዕረፍት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው እናቀርባለን።

1ኛ. ምዝገባው ግቢ በግቢ ይሁን። የግቢው ተከራዮች ከመካከላቸው አንድ ተጠሪ ይምረጡ፤ መዋጮውን ሰብስቦ ያስገባ፣ ሕመምና ሞት ሲደርስም ፈጥኖ ለጥሩምባ ነፊው ያስታውቅ።

2ኛ. የመግቢያው ገንዘብ ለተከራይ ከባድ ስለሆነ በስድስት ወር ተከፋፍሎ ይከፈል። አዲስ አባል ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ሙሉ መብት ያግኝ። በሦስቱ ወር ውስጥ ቢሞት ግን ገንዘቡ ይቅር እንጂ ድንኳንና ቀባሪ አይከልከል።

3ኛ. አከራይ አባላት ለቅሶ በደረሰ ጊዜ ግቢያቸውን እንደሚለቁ ይፈርሙ። ግቢው የማይበቃ ከሆነ ድንኳኑ በመንገዱ ዳር ወይም በዕድራችን ቦታ ይተከል።

4ኛ. ሠፈር የሚለውጥ አባል እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሸኛ ይሰጠው። ስንት ዓመት እንደከፈለና ዕዳ እንደሌለበት ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ለሚሄድበት ሠፈር ዕድር ይያዝ። መሸኛ መጻፍ እኛ እናውቅበታለን፤ ዓይናችን እስካየ ድረስ ያለ ክፍያ እንጽፋለን።

የአናጢው ባለቤት ክፍሉን ለቃ ወደ ወላጆቿ ሄዳለች። በዚያ በር ሌላ ባልና ሚስት ገብተዋል። በቅርቡ ሄደን በሩን አንኳኩተን ስማቸውን ጠየቅን፤ በወረቀት ጽፈን በኪሳችን ይዘነዋል። መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን እናንተ ስትፈቅዱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ተረቱን በሥራ እናሳየው።