የየቲሙን ጥርስ ማን ያያል?
(በራቤል ለየቲም አሳዳጊዎችና ለለጋሾች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲሞች ስንመካከር ዘወትር የምናነሳው ልብስን፣ ደብተርንና ቀለብን ነው። ዛሬ ስለ ጥርሳቸው እንነጋገር። ጥርሱን የታመመ ልጅ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ ቀን ትምህርቱን በልቡ አይከታተልም፤ ቆሎ ቀርቶ እንጀራ ማላመጥ ይሳነዋል። ወላጅ ያለው ልጅ «እስቲ አፍህን ክፈት» የሚለው አያጣም። የቲሙንስ ማን ያየዋል?

በቅድሚያ ራሳችንን እንውቀስ። ለዒድ የቲሞችን ስንጎበኝ ብዙዎቻችን ይዘን የምንሄደው ከረሜላና ብስኩት ነው። በጥርስ ላይ የሚጣበቁ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ምራቅ አሲዱን ለማርከስ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚመዘነው በስኳሩ መጠን ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ ወደ አፍ በመግባቱም ጭምር ነው። አምስት ከረሜላ ከምሳ ጋር በአንድ ጊዜ የበላ ልጅ፣ ያንኑ አምስት ከጠዋት እስከ ማታ ሲመጥ ከሚውል ልጅ ያነሰ ይጎዳል። ስኳር የበዛበት ሻይም እንዲሁ ነው። ግሼ የገብስና የባቄላ አገር ናት፤ ላደጉት ልጆች በመክሰስ ሰዓት ከከረሜላ ይልቅ ቆሎ ይሻላቸዋል።

እናቱን ያጣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ አያቱ ወይም አክስቱ ስኳር የተጨመረበት ወተት በጡጦ ሰጥተው ያስተኙታል። ይህን የሚያደርጉት ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ጣፋጩ በጥርሱ ላይ ያድራል፤ የፊት ጥርሶቹም ገና በበቀሉ ሊበሰብሱ ይችላሉ። ሕፃኑ ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው ደግሞ «ግግ ነው» ብሎ ድዱን በስለት ማስወጣት ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ይዳርጋል፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ውድ ወገኖቻችን፤ የአፍ ንጽሕና ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሕዝባቸው ላይ ባይከብድ ኖሮ በየሰላቱ ሲዋክን ያዝዙ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የወይራ መፋቂያ በእጃችን ነው። ውዱእ ስናደርግ መጉመጥመጣችን የምግብ ትርፍራፊን ያጥባል፤ የተጣበቀውን ቆሻሻ ግን የሚያነሳው መፋቅ ነው። አቅም ሲፈቅድ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት መቦረሽ ጥርስን ያጠነክራል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃዋል። በረመዳንም የሚጾሙት ከሱሑር በኋላ ሳይፍቁ አይተኙ።

በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚበቅለውን መንጋጋ ልብ በሉት። ብዙዎች የወተት ጥርስ መስሏቸው ይተዉታል፤ እርሱ ግን ከወደቀ የሚተካው የለም። ሕክምና ፍለጋ እስከ ደብረ ብርሃን ከመጓዝ አስቀድሞ መጠበቁ ይቀላል።

ስለዚህ ለጋሾች ሆይ፤ በሚቀጥለው ዒድ ከልብሱ ጋር የጥርስ ብሩሽና ሳሙና ጨምሩ፤ ጣፋጭ ከያዛችሁም ከማዕድ ጋር ይቅረብ። አሳዳጊዎች ሆይ፤ ማታ ማታ «ጥርስህን ፍቀሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። የቲምን የተንከባከበ በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ተነግሮናል። ያ እንክብካቤ ይህችን አንዲት ጥያቄም ይጨምራል።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን፤ የቲሞቻችንንም በጤና ያሳድግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።