እናቱ የገፋችውን ልጅ ስለ መቀበል



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ፥ ስለ ሕንፃው ታሪክ ለመናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን ይህን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁ አባቶች በመካከላችን ስላሉ፥ እኔ ሁሉ የሚያውቀውን ማንም ግን በጉባኤ የማያነሣውን ቁስል አነሣለሁ፤ ይኸውም በገዛ እናቱ የተገፋ ልጅ ቁስል ነው።

እናት ልጅዋን ገፋች ቢባል ጆሮ አይቀበለውም። ሆኖም አባቱ ሞቶ፥ እናቱ ሌላ ባል አግብታ፥ የእንጀራ አባቱ አልፈልገውም ስላለ ብቻ ከቤት የወጣ ልጅ በሞጣም በቢቸናም አለ። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። በሞጣ አገር ከተወለድሁበት ቤት የወጣሁት ዳዊት ደግሜ እንደ ጨረስሁ ነው። አኩፋዳዬን አንግቼ በደብረ ወርቅ በኩል አልፌ፥ በቢቸና አጠገብ ወዳለው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ሄድሁና ከተማሪዎች ጎጆ ገባሁ።

የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እንዲለምን ታውቃላችሁ። በየደጁ ያልወለደችኝ ሴት ስለ እመቤታችን ስም ብላ ቁራሽ ትሰጠኝ ነበር። ይህ ወዲያው አጽናናኝ ብል ሐሰት እናገራለሁ። ይልቁንም ያቃጥለኝ ነበር፤ የማታውቀኝ የምትሰጠኝን የወለደችኝ ስለ ምን ከለከለችኝ? እያልሁ እንጀራውን ከእንባ ጋራ እበላው ነበር።

ኀዘኔን ለሰው ብነግር፥ «እናት ናት፤ ዝም በል፤ እናትህን አክብር» ይለኛል። ትእዛዙ እውነት ነው፤ ግን ቁስሉን ሳያዩ በላዩ ልብስ መጣል መድኃኒት አይሆንም። የንስሓ አባቴ ግን ቍጣዬን ሁሉ እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ከዚያም የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 21 አስነበቡኝ። አጋር ውሃዋ ባለቀ ጊዜ ልጅዋን ከቍጥቋጦ በታች ጥላ፥ ሞቱን እንዳላይ ብላ ርቃ ተቀመጠች። እግዚአብሔርም የልጁን ድምፅ ሰማ። አባቴ፥ «ልጁ ማልቀሱ እንደ ድፍረት እንዳልተቈጠረበት ልብ በል፤ እናቲቱም የጣለችው ጠልታው እንዳልሆነ ልብ በል» አሉኝ። የእኔ እናት ጠልታኝ እንደ ሆነ ወይም ፈርታ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ነገር ግን ለቅሶዬ እንደ ተሰማ አመንሁ፤ ፈውሴም ከዚያ ጀመረ።

ደግሞ በቅርባችን ያለውን መርጡለ ማርያምን ያሠራችውን ንግሥት እሌኒን አስቡ። ከማኅፀንዋ ልጅ አልነበራትም። ዐፄ በእደ ማርያም እናታቸው ጽዮን ሞገሳ በገዛ አባታቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ተገርፋ ሞታባቸው ነበርና፥ በ1460 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ እሌኒን እንደ እናት አከበሯት። ዐፄ ልብነ ድንግልም በ1500 ዓ.ም. ገና በልጅነታቸው ሲነግሡ መንግሥታቸውን የጠበቀችላቸው እርስዋ ናት።

እኛሳ? ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ክርስትና እናነሣለን፤ ድግሱ ከተበላ በኋላ ግን የክርስትና አባትነቱም የክርስትና እናትነቱም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ይህን በወቀሳ መልክ መናገሬን ይቅር በሉኝ፤ እኔ ራሴም ከረሱት ወገን ነበርሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የማይወጣ ልጅ ብታዩ፥ የማን ልጅ ነህ ከማለታችሁ በፊት በልተሃልን በሉት።

ወደ እናቴ የተመለስሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አላስጨነቅኋትም። ዛሬ በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን፥ በኪዳነ ምሕረት፥ ከእርስዋ ዘንድ እውላለሁ። ስለ በሬዎቹና ስለ ዝናቡ እንነጋገራለን፤ ስለዚያ ቀን ግን አንነጋገርም። አንዳንድ ጊዜ ስመለስ በመንገድ ላይ ቍጣው ይነሣብኛል፤ ያን ጊዜ ቤቴ ሳልገባ ወደ ንስሓ አባቴ እሄዳለሁ።