ስለ ባሌስትራ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



ልንናገርለት የመረጥነው ነገር ከመኪና ሥር ተደብቆ፥ ጭቃ ለብሶ የሚኖር፥ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው ነው፤ ይኸውም ባሌስትራ ነው። ለበዓል ቀን ይህ ምን የሚሉት ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እኛ ለጉብኝት ስንወጣ፥ ወላጆቻችንም ለለቅሶና ለሠርግ ገጠር ሲወርዱ፥ የሚሸከመን ይኸው ብረት ነው።

ቃሉ የጣልያን ነው፤ ትርጕሙም ቀስት ማለት ነው። በእርግጥም ቀስት ይመስላል። ረዣዥም ዝርግ ብረቶች በየመጠናቸው ተደራርበው፥ መካከላቸው ተበስቶ በአንድ ቡሎን ይያዛሉ፤ ከአክስሉም ጋር ይታሰራሉ። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ቀስቱ ይዘረጋል፥ ምቱን ይቀበላል፥ መልሶም ይጎብጣል። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዪቱን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣ የመኪና መንገድ የሚባል አልነበረም፤ የዚያን በረሃ ድንጋይ የቻለው ብረት ምን ያህል እንደ ተንገላታ መገመት አያስቸግርም።

በአገራችን መኪና መለወጥ የታወቀ ሙያ ነው። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ፥ ወንበር ተደርድሮ፥ ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ ይወጣል። ሙያውን አንነቅፍም፤ እንዲያውም እናደንቃለን። የምንነቅፈው፥ ብዙ ለመጫን ወይም መኪናውን ከፍ ለማድረግ ሲባል ያለ ስሌት ባሌስትራ ላይ ባሌስትራ መደረቡን ነው። ርዝመቱና ስፋቱ ሳይለወጥ የአንዱ ብረት ውፍረት እጥፍ ቢሆን፥ አልታጠፍ ባይነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ብረቱ ያልተቀበለው ምት ወዴት ይሄዳል? ወደ ሻንሲው፥ ወደ ቡሎኖቹ፥ ወደ ተሳፋሪው ወገብ ነው።

ባለፈው ዓመት ከኢምፔሪያል ተነሥተን፥ በገርጂና በጎሮ አድርገን፥ ድንጋይና አፈር ልንሰበስብ ወደ የረር ተራራ ወጥተን ነበር። የተሳፈርንበትም እንዲሁ የተለወጠ፥ ከኋላ ባሌስትራ የተጨመረበት የጭነት መኪና ነበር። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ከሥራችን እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። መኪናው ወደ ቀኝ ዘመም አለ፤ አክስሉ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ጎማው ከቆርቆሮው ጋር ተፋተገ። ቍልቍለት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር የሚያደርግ ላይኖር ይችል ነበር። ሹፌሩና ረዳቱ በክሪክ አነሡት፥ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ግንድ አስገቡ፥ በሰንሰለት ጠፈሩት። ባዶ መኪናው እያዘገመ፥ እኛም በእግራችን ተከትለነው አስፋልት ደረስን።

ሁሉም ያን ድንጋይ ረገመ። እኛ ግን የተሰበረውን ብረት ለምነን ወሰድነው፤ በትምህርት ቤቱ ወርክሾፕም አጥበን አየነው። የስብራቱ ፊት ሁለት መልክ ነበረው፤ ግማሹ ዝጎ የጠቆረ፥ ግማሹ እንደ አዲስ ብር የሚያበራ። የጠቆረው አስቀድሞ ተሰንጥቆ ውሃና አየር ሲገባበት የኖረ ነው፤ በዚያን ቀን የተሰበረው የሚያበራው ብቻ ነው። ስንጥቁም የጀመረው ከመካከለኛው የቡሎን ቀዳዳ ነው፤ እየታጠፈ የሚዘረጋ ብረት ድካሙ ከቀዳዳ ጫፍ ይጀምራልና። ከጎኑ ያለው ሌላው ብረት ደግሞ ተበይዶ ነበር። የባሌስትራ ብረት በሙቀት የተገራ ስለ ሆነ የብየዳ እሳት ግራቱን ያጠፋበታል፤ ዘወትርም ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል። ድንጋዩ እንግዲህ በሐሰት ተከሰሰ።

ስለዚህ የጉዞ ኮሚቴያችንን አንድ ነገር እንለምናለን። መኪና ከመከራየቱ በፊት፥ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ የግራና የቀኙን ከፍታ በሜትር ይለካ፤ ጎንበስ ብሎም በብረቶቹ ላይ አግድም የወጣ የዝገት መሥመር እንዳለ ይመልከት። ይህን ለማድረግ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የተሰበረው ባሌስትራ ከአዳራሹ በር ግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ጠርዙ ስለሚቈርጥ ግን ወላጆች ትንንሽ ልጆቻችሁን አደራ።