ልጆቻችን ሲሳሳቱ አንሳቅ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱን ሰምታችኋል። እኔ የምናገረው ስለ ልጆቻችን ነው፤ በተለይም እንደኔ ልጅ ከሁለት ወገን ስለተወለዱት።

ባለቤቴ ጀርመናዊት ናት። ልጃችን ስትወለድ እኔ በአማርኛ፣ እናቷ በጀርመንኛ ልናናግራት ተስማማን። እስከ አምስት ዓመቷ ጥሩ ሄደ። ከዚያ እዚሁ ፍራንክፈርት፣ በአንድ የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን ላይ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄዳ «አንቺ ደህና ነህ?» አለቻቸው። ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ጭምር። «ፈረንጇ!» ያላትም ነበር። ማንም በክፋት አላደረገውም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በአማርኛ ሳናግራት የምትመልስልኝ በጀርመንኛ ሆነ። እኔም ከሥራ ደክሜ ስገባ፣ ቀስ በቀስ ተውኩት።

በአሥራ አንድ ዓመቷ ደሴ ወሰድኳት። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ እናቴ የልጄን እጅ ይዛ ሁለቱም ዝም ብለው ተቀምጠዋል። «የምነግራት ብዙ ነበረኝ» አለችኝ እናቴ። ማታ ደግሞ ልጄ፣ «አባዬ፣ ግማሽ የሚሉኝ አማርኛ ስለማልችል ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ወገኖቼ፣ የትውልደ ኢትዮጵያውያን አዋጅ ቁጥር 270/1994 እንኳ የሚጠይቀው ከወላጅ፣ ከአያት ወይም ከቅድመ አያት አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ነው። ቢጫ ካርድ ለመስጠት አማርኛ አይፈትንም። ታዲያ እኛ ለምን እንፈትናለን?

አሁን ልጄ በየእሑዱ ለአያቷ ትደውላለች። «ቡና ጠጣህ?» ስትላት እናቴ አትስቅም። «አዎን ጠጣሁ፤ አንቺስ ጠጣሽ?» ትላታለች። ልጄ ሳታፍር ትክክለኛውን ትሰማለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ልጅ ሲሳሳት አንሳቅ፤ አስተካክለን እንመልስለት። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ፈቃደኛ የሆነውን እያንዳንዱን ልጅ ደሴ ካለ አንድ ዘመድ ወይም አዛውንት ጋር በስልክ ያገናኝ። ፊደል ማስቆጠሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጅ 231ዱንም ቢዘልቅ የሚያዋራው ሰው ከሌለ ይረሳዋል።

ዛሬ ገንዘብ የምናዋጣለትን ትምህርት ቤት ነገ የሚያድሱት እነዚህ ልጆች ናቸው። ደሴ ውስጥ ስሙን ጠርተው የሚያናግሩት ሰው ከሌላቸው ግን ለማን ብለው ያድሱታል?